የወር አበባ ሕመም፣ ጭንቀትና እንቅልፍ፦ በጎንደር የሚማሩ ሴቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ስለ ወር አበባ የሚጠይቁ ተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው አያበቁም። ስለ ቁርጠት የጀመረችው ወሬዋን በእንቅልፍ ትጨርሳለች፤ ስለ እንቅልፍ የጀመረችው ደግሞ ፈተናዋን ታነሣለች። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሦስቱን አያይዘው የሚያዩት ለዚህ ነው። ጥያቄዎቹ የቀረቡት በክብደታቸው ቅደም ተከተል አይደለም፤ የሚመለከትሽን መርጠሽ አንብቢ።

ቁርጠቱ ከምን ይመጣል?

የማህፀን የውስጥ ሽፋን ሊረግፍ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያመነጫል። እነዚህ ኬሚካሎች ማህፀንን ያኮማትሩታል፤ ማህፀን በኃይል ሲኮማተር ወደ ጡንቻው የሚደርሰው ደም ይቀንስና ሕመሙ ይነሣል። ከዚያ የተረፈው ወደ ደም ስለሚገባ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ «ወር አበባዬ ሲመጣ ሆዴንም ያስቀምጠኛል» የምትይ ከሆነ ሌላ በሽታ ያዘኝ ብለሽ አትደንግጪ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ደሙ ከመታየቱ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ወይም አብሮ ይጀምርና በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይበርዳል።

እንቅልፍ የሚነሣኝ ሕመሙ ነው ወይስ ሕመሙን የሚያብሰው እንቅልፍ ማጣቴ ነው?

ሁለቱም ነው። ቁርጠት ሌሊት ይቀሰቅሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙዎች የማያውቁት ተቃራኒውን ነው፦ በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ሕመምን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ ትናንት የቻልሽው ቁርጠት ዛሬ ሊያንበረክክሽ ይችላል። ጭንቀትም በሁለቱም በኩል ይገባል። እንቅልፍ ይነሣል፣ ጡንቻን ያወጥራል፣ አሳብን በሕመሙ ላይ ብቻ ይተክላል።

በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች በተማሪዎች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው በአንድ ወቅት መጠይቅ አስሞልተው የሚሠሩ ናቸው። ጭንቀት የበዛባቸውና እንቅልፍ ያነሳቸው ተማሪዎች ሕመማቸውም የከፋ መሆኑን ያሳያሉ፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ግን በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ክቡ የት እንደተጀመረ ማወቅ አይደለም፤ በቀላሉ የሚሰበረው የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው። በእኔ እምነት በቀላሉ የሚሰበረው በሕመሙ በኩል ነው። ጭንቀትን በአንድ ሌሊት ማጥፋት አይቻልም፤ የፈተናውን ሰሌዳም አንቺ አታወጪውም። ቁርጠትን ግን በሰዓቱ በተወሰደ መድኃኒትና በሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ማስታገስ ይቻላል፤ ሕመሙ ሲበርድ እንቅልፉ ይመለሳል።

ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ፤ ግን አይሠራልኝም። ለምን?

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ኢቡፕሮፌን የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማገድ ነው፤ ከተመረተ በኋላ የሚመጣ መድኃኒት ጅቡ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። ተማሪዋ አልጋ ላይ ተጠቅልላ ሦስትና አራት ሰዓት ትታገሣለች፤ መታገሥ ሲያቅታት አንድ ፍሬ ትውጥና «አልሠራልኝም» ትላለች።

ትክክለኛው አወሳሰድ እንዲህ ነው፦ ሕመሙ ወይም ደሙ እንደጀመረ 400 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1200 ሚሊ ግራም አይለፍ። ፋርማሲ ውስጥ የሚገኘው ዳይክሎፌናክ የዚሁ ቤተሰብ ስለሆነ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።

የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚነሣ አስም ካለብሽ፣ ወይም እርግዝና ከጠረጠርሽ አትውሰጂው። በግቢ ውስጥ «ጨጓራ አለብኝ» የማይል ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ይህን በቁም ነገር ያዢው። ለእንዲህ ዓይነቷ ተማሪ ፓራሲታሞል አለ፤ ጉልበቱ ያነሰ ቢሆንም ጨጓራን አይነካም። ከዚህ ጠንከር ያለ ነገር፣ በተለይ ትራማዶል፣ ከጓደኛ እጅ ተቀብሎ መዋጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ያለው መድኃኒት ነው።

ጾም ላይ ብሆንስ?

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወር አበባ መምጣቱ አይቀርም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ ኢቡፕሮፌንን በባዶ ሆድ ከመዋጥ ጠዋቱን በሙቀትና በፓራሲታሞል አሳልፈሽ ኢቡፕሮፌኑን ከምግብሽ ጋር ብታደርጊው ይሻላል። ሕመሙ የሚያስተኛሽ ከሆነ ግን ጉዳዩን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታደርገው አስተያየት አለ፣ መጠየቅም ነውር የለውም። በወር አበባ ላይ ያለች ሙስሊም ሴት ደግሞ በረመዷን አትጾምም፤ ቀኖቹን በኋላ ትተካለች። እርሷን የሚያስቸግራት ጾሙ ሳይሆን ሰው እንዳያውቅባት ተደብቃ መብላቱ ነው። ቢያንስ ዶርም አብረው የሚኖሩ ልጆች አይተው እንዳላዩ ቢያልፉ ትልቅ ውለታ ነው።

ትኩስ ነገር ሆድ ላይ ማድረግ በእርግጥ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። በ40 ዲግሪ ገደማ ያለ የማያቋርጥ ሙቀት በአንዳንድ ጥናቶች ከኢቡፕሮፌን ጋር ተስተካክሎ ታይቷል። የጎማ የሙቅ ውሃ ከረጢት ከሌለሽ ዶርም ውስጥ የተለመደው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የፈላ ውሃ ስስ ፕላስቲክን ያኮማትረዋል፤ ክዳኑም ሊፈናጠርና ሊያቃጥልሽ ይችላል። ፈልቶ የወረደ፣ ጣት የሚችለው ውሃ ጨምሪበት፤ ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊና ገልብጠሽ እንደማያፈስ አረጋግጪ፤ በነጠላ ወይም በሻርፕ ሁለት ዙር ጠቅልለሽ ከእምብርትሽ በታች አድርጊው። ወገብሽን የሚቆርጥሽ ከሆነ በጎንሽ ተኝተሽ ከኋላ አድርጊው። እንቅልፍ ሊወስድሽ ሲል አውጪው።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት፣ ይህ ጠርሙስ እግርንም ያሞቃል። እግሩ የቀዘቀዘ ሰው ደግሞ ቶሎ አይተኛም።

ዝንጅብል፣ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴስ?

ዝንጅብል መጠነኛ ጥቅም እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በሻይ አድርጎ መጠጣት ክፋት የለውም። ጤና አዳም ቡና ውስጥ እንደሚገባው ቅጠል በጥቂቱ ሲሆን ችግር የለውም፤ ጨምቆ በብዛት መጠጣት ግን መርዛማ ሊሆን ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርማ በጣም አደገኛ ነው። ዳማ ከሴ የምች መድኃኒት ነው፤ ቁርጠት ምች አይደለም።

ወር አበባዬ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንቅልፌ ይረበሻል፤ ነገር ሁሉ ሆድ ያስብሰኛል። ምን እየሆንኩ ነው?

እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ የሰውነት ሙቀትም ከግማሽ ዲግሪ በማይበልጥ መጠን ይጨምራል። ሰውነት እንቅልፍ የሚወስደው ሙቀቱ ዝቅ ሲል ስለሆነ ይህች ትንሽ ለውጥ ለአንዳንድ ሴት በቂ ረብሻ ናት። ከዚያ ወር አበባ ሊመጣ ሲል ሆርሞኑ በፍጥነት ይወርዳል፤ የማረጋጋት ባሕርይ ስለነበረው ሲወርድ ስሜትም አብሮ ይወርዳል። ጡት ማመም፣ ሆድ መነፋት፣ ጣፋጭ ማማር፣ በጥቂቱ መናደድ፣ ያለ ምክንያት እንባ መምጣት የሚያጋጥመው በዚህ ጊዜ ነው። ደሙ ከመጣ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ከዚህ የከፋ ዓይነትም አለ፤ ጥቂት ሴቶችን ብቻ ነው የሚይዘው። በእነዚያ ቀናት ተስፋ መቁረጥ፣ ከጓደኛ ጋር መጣላት፣ ትምህርት ክፍል መግባት አለመቻል፣ አልፎም መሞትን መመኘት ያመጣል። ይህ የጠባይ ጉድለት አይደለም፤ ስምና ሕክምና ያለው ሕመም ነው። በየቀኑ የሚሰማሽን ለሁለት ተከታታይ ዙር በደብተር ጻፊ፤ ሐኪሙ ከሌላ የድብርት ሕመም የሚለየው በዚያ መዝገብ ነው፤ ምክንያቱም ሌላው ድብርት ደሙ ሲመጣ አይለቅም። ራስሽን ለመጉዳት የምታስቢ ከሆነ ግን ደብተሩን ተዪው፤ ዛሬውኑ አጠገብሽ ላለች ልጅ ንገሪና አብራችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌሊትም ቢሆን።

ፈተና ሲደርስ ወር አበባዬ ይዘገያል። ጭንቀት ይህን ያደርጋል?

ያደርጋል። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ለእንቁላል ማምረቻ ምልክት የሚልከው በተወሰነ ምት ነው። ከባድ ጭንቀት፣ ምግብ ማነስ ወይም ክብደት በፍጥነት መቀነስ ሲመጣ ምቱ ይዳከማል፤ እንቁላሉም በቀኑ አይወጣም። ወር አበባ የሚመጣው እንቁላል ከወጣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ እርሱም አብሮ ይዘገያል። ከመተማ ቆላ ወይም ከሌላ ክልል ተመድባ መጥታ በመጀመሪያው ዓመት ዙሩ የተዛባባት ተማሪ ብዙ ናት፤ ቤት፣ ምግብ፣ የመኝታ ሰዓትና አየር በአንድ ሳምንት ሲለወጡ ሰውነት ይደናገራል። ከ21 እስከ 35 ቀን የሚመላለስ ዙር ጤናማ ነው፤ በየወሩ በአንድ ቀን ላይ እንዲውል አትጠብቂ።

ሁለት ነገር ግን በጭንቀት አታሳብቢ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ካደረግሽ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ፤ የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ እንክብል ወስደሽ ከሆነም እርሱ ራሱ ዙሩን ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው ይችላል። እርግዝና ሳይኖር ለሦስት ወር ከቀረ ደግሞ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ዶርም ውስጥ እንዴት ነው የሚተኛው? አንዷ ታጠናለች፣ አንዷ ስልክ ታወራለች።

ይህ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በአንቺ እጅ ብቻ አይደለምና። ለአንቺ ዕድሜ የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ነው። የጠዋት ክፍል 2 ሰዓት ላይ ከሆነ 12 ሰዓት ለመነሣት ከምሽቱ 5 ሰዓት መተኛት አለብሽ። እዚያው ክፍል ውስጥ ደግሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት መብራት የማታጠፋ ልጅ አለች።

ከአምፖሉ ሥር የላይኛው አልጋ የደረሳት ልጅ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ትተኛለች፤ መጥፎ ዘዴ አይደለም። የጆሮ መድፈኛም ይረዳል። የሚሻለው ግን ሴሚስተሩ ሲጀምር፣ ገና ማንም ከማንም ሳይቀያየም፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ተነጋግሮ መወሰን ነው። ከዚያ በኋላ የምታጠና ወደ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወደ ማንበቢያ ክፍል ትሄዳለች። ካልተስማማችሁ ፕሮክተሯን ማነጋገር ስም ማጥፋት አይደለም።

የመኝታ ሰዓትሽን መቆጣጠር ካልቻልሽ የመነሻ ሰዓትሽን ያዢ። እሑድ እስከ 5 ሰዓት ተኝታ ሰኞ በ12 ሰዓት የምትነሣ ተማሪ እሑድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። የቀን እንቅልፍ ካስፈለገሽ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከ30 ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነቡ ማደር ደግሞ በተለይ ወር አበባ በሚመጣበት ሳምንት ኪሳራ ነው፤ የተነበበው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

ቡና ልተው?

አትተዪው፤ ሰዓቱን አስተካክዪ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣሽው ውስጥ ግማሹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ሩቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አሁንም ደምሽ ውስጥ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተባብሎ ሦስቱም ከተጠጣ ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። የወሊድ መከላከያ እንክብል ለምትወስድ ደግሞ ካፌይኑ የሚቆይበት ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከ8 ሰዓት በኋላ አለመጠጣት ጥሩ ድንበር ነው። ለጥናት ብሎ ጫት መቃም ከቡናም ይብሳል፤ እንቅልፍንም ምግብንም አብሮ ይዘጋል።

ሁልጊዜ ይደክመኛል፤ ደም አንሶኝ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ብዙ የሚፈስሽ ከሆነ። ለሁለት ሦስት ተከታታይ ሰዓታት በየሰዓቱ ሞዴስ መቀየር ግድ ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከታየ ብዙ ነው። ቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል፤ ሳይመረመሩ የብረት እንክብል ገዝቶ መዋጥ አይመከርም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ብሉ፤ ሎሚ ጭመቁበት፤ ሻይና ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታልና። ጤፍ ብረት አለው መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከተለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የገባ ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። እንጀራ ብቻውን ደም አይተካም።

ውሃ ሲጠፋ ምን ይደረጋል?

የጎንደር የውሃ ነገር የታወቀ ነው፤ ችግሩ ከአንድ ግቢ በላይ ነው። ወር አበባሽ ሊመጣ ሲል አንድ ጄሪካን ለብቻው ሞልተሽ አስቀምጪ። ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ይቀየር። ሌሊት መጸዳጃ ቤቱ ሩቅና ጨለማ ስለሆነ ውሃ የማይጠጡና እስከ ጠዋት አንድ ሞዴስ ይዘው የሚያድሩ አሉ፤ ይህም ራሱ እንቅልፍ ይነሣል፣ አንሶላ ይነካል እያሉ ስለሚሰጉ። ረዘም ያለ የሌሊት ሞዴስ፣ ጥቁር ፎጣ አንሶላው ላይ፣ ባትሪ ከትራስ ሥር፣ አብራሽ የምትሄድ ልጅ። ታጥቦ የሚደገም ጨርቅ የምትጠቀሚ ከሆነ በሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው። ከአልጋ ሥር ተደብቆ የሚደርቅ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይሸታል፣ ያሳክካል። ማፈር ካለብሽ ከላዩ ስስ ነጠላ ጣል አድርጊበት።

ለፈተና ወይም ለጥምቀት ወር አበባን ማዘግየት ይቻላል?

ይቻላል። በሐኪም የሚታዘዝ የሆርሞን እንክብል አለ፤ ይመጣል ከሚባልበት ቀን ሦስት ቀን ገደማ አስቀድሞ ይጀመራል። ደም የመርጋት ችግር ላለባት አይሆንም፤ ከጓደኛ የሚዋሱትም አይደለም። ለአንድ አስፈላጊ ቀን እንጂ ለየፈተናው አይሁን። ለየወሩ ሕመም ከሆነ የተለመደው የወሊድ መከላከያ እንክብል ቁርጠትን ስለሚቀንስ ሐኪም ላላገቡም ያዝዘዋል። መካን አያደርግም።

«ስታገቢ ይለቅሻል» ይሉኛል።

ከወለዱ በኋላ የቀለላቸው ብዙ ሴቶች አሉ። ነገ ጠዋት ላለብሽ ፈተና ግን ጋብቻ አይታዘዝም።

መምህር ነኝ። በፈተና መሀል «ልውጣ» የምትል ተማሪ ብትኖር ምን ላድርግ?

ያስወጧት፤ የምትከተላት ሴት ፈታኝ ካለች ይላኩላት፤ ምክንያቱን በሰው ፊት አይጠይቋት። የባከነውን ደቂቃ ቢመልሱላት ደግሞ ይመሰገናሉ።

መቼና የት ልታከም? ሐኪሙ በማህፀን በኩል ይመረምረኛል ብዬ እፈራለሁ።

መድኃኒት በትክክል ወስደሽ ሦስት ዙር ካልተሻለሽ፣ ሕመሙ ከዓመት ዓመት እየባሰ ከሄደ፣ ወር አበባ በሌለበት ጊዜም ካመመሽ፣ ሰገራ ስትወጪ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚያምሽ ከሆነ ሂጂ። የማህፀን ሽፋን መሰል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል ሕመም አለ፤ «ወር አበባ ነው፣ ቻይው» እየተባለ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ራስን መሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም።

በመጀመሪያ የግቢሽ የተማሪዎች ክሊኒክ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልኩሻል፤ የማህፀን ሐኪሞችም የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። ያለፉትን ሦስት ወር አበባዎች የጀመሩበትንና ያበቁበትን ቀን፣ የወሰድሽውን መድኃኒትና ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ፤ በእኛ የቀን አቆጣጠር መሆኑ ችግር የለውም።

ፍርሃትሽን በተመለከተ፦ ግንኙነት አድርጋ ለማታውቅ ሴት፣ የተለመደ ቁርጠት ከሆነ፣ የውስጥ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አልትራሳውንድ ከታዘዘም በሆድ ላይ ይታያል፤ ውሃ ጠጥተሽ ሽንትሽን ይዘሽ ትጠብቂያለሽ፣ ቀዝቃዛ ቅባት ይደረግልሻል፣ ያበቃል። ሴት ሐኪም እንድታይሽ ወይም ጓደኛሽ አብራሽ እንድትገባ መጠየቅ ትችያለሽ። ሐኪሙ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ እንዲነግርሽ፣ ካልፈለግሽም «አይሆንም» ለማለት መብት አለሽ።